የጋሼ ነስሩ ሦስት ቀን

ጋሼ ነስሩ ማረፋቸውን ከተራችን ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። ይሄ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ከሲኒማ ራስ እስከ መሳለሚያ ማን ታጨ፣ ማን ተኳረፈ፣ ማን ሱቁን ሊለቅ አስቧል የሚባለውን ሁሉ ከባለቤቱ ቀድሜ እሰማ ለነበርኩት ለእኔ ለዘነቡ ግን ውርደት ነው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ዚፑን፣ ክሩን፣ የልብስ ቁልፉን ደርድሬ ቀና ስል ተራው ጭር ብሏል። አንድ ተሸካሚ አስቁሜ «ሰዉ ሁሉ የት ገባ?» አልኩት።

«ጋሼ ነስሩን ሊቀብር ሄዷላ! እትዬ ዘነቡ፣ አልሰሙም እንዴ?»

አልሰማሁም። ሱቄን እንዴት እንደዘጋሁት፣ በየት በኩል ለቅሶ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ ዓይኔ አብጧል። የዕድራችን ሊቀመንበር ታደለ ድንኳኑ መሃል ተነስቶ ቆመ። ታደለ ጄሪካን ነጋዴ ነው፤ ሦስት ሰው አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ካየ ንግግር ሳያደርግ አያልፍም።

«ጋሼ ነስሩ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሰው ወዳድ ነበሩ። አንድም ቀን ሰው ሳይከባቸው ውለው አያውቁም!»

«እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ ድንኳኑ።

ከሦስት ቀን በስተቀር። እነዚያን ሦስት ቀናት ደግሞ በደንብ የማውቃቸው እኔ ብቻ ነኝ። ልናገር ብድግ ስል ሻርፕ ነጋዴዋ ብርቄ ፊቷን አዞረችብኝ፤ ታደለም በእጁ እንድቀመጥ ምልክት ሰጠኝና «ዘነቡ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ» አለኝ። በለቅሶ መሃል ፈገግ ያሉም አልጠፉም። ተቀመጥኩ። ለዚህ ነው አሁን የምጽፈው፤ ወረቀት መቼስ «ይቅርብሽ» አይለኝም።

ጋሼ ነስሩ የብስክሌት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸውና ሱቄ የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ ከወዲህ «ይማርዎ» እላለሁ። ጎማው፣ ካላማዳሪው፣ ፔዳሉ፣ ካቴናው ከወለል እስከ ጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ መሃሉ ላይ እሳቸው፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆባቸውን ያደረጉ። የተጣመመ ቸርኬ ሲመጣላቸው ሰቅለው በአንድ ጣት ያሽከረክሩትና ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ሌላው በዓይኑ አፍጥጦ የሚያጣውን እሳቸው በጆሮ ያገኙታል። «እዚህ ጋ» ብለው በአውራ ጣታቸው ያቆሙታል። ተሳስተው አያውቁም።

ሰላሳ ዓመት ብስክሌት ሲሸጡ ግን አንድም ቀን ብስክሌት ላይ ወጥተው ያየ ሰው የለም። ይሄ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ከርሞ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ እርስዎ መንዳት ይችላሉ?»

«እንዴታ! ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ብስክሌት ላይ መች እወርድ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን አጎቴ ምን አለኝ መሰለሽ...»

«ጋሼ ነስሩ፣ የሃያ ስድስት ጎማ አለ?» አለ አንዱ ደንበኛ። ተነስተው ጎማውን አወረዱ። አጎታቸው ምን እንዳሏቸው እኔም መልሼ አልጠየቅኩም። የራሴ ወሬ ነበረኝ፣ እሱን ቀጠልኩ።

በተራችን ጋሼ ነስሩ ዝምተኛ ናቸው ይባል ነበር። ዝምተኛ፣ ሰው ወዳድ። ቤታቸው ሰባት ልጆች፣ የሚስታቸው ሁለት ወንድሞች፣ እንዲሁም ዓይኑን ለመታከም ለአንድ ሳምንት ብሎ ከአገር ቤት መጥቶ አሥራ አንደኛ ዓመቱን የያዘ የአክስት ልጅ ይኖራል። ሱቃቸው ውስጥ ለሦስት ሰው የተሠራ አግዳሚ ላይ ስምንት ሰው ይቀመጣል። መስጊድ ሲሄዱ አራት ሰው አጅቧቸው ይሄዳል። ሽንት ቤት ሲገቡ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ወሬውን የሚጨርስ አይጠፋም። እሳቸው ለሁሉም «እሺ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አግዳሚው ሞልቶ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ «ዘነቡ፣ ሰው ጥሩ ነው፤ ትንሽ ራቅ ሲል» አሉኝ።

ከመደርደሪያቸው ጀርባ አንድ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር፣ ከአስመጪ በስጦታ የመጣ። ፎቶው ላይ ከባሕር መሃል ያለች አረንጓዴ ደሴት፣ በዳርቻዋ ቀጭን መንገድ፣ መንገዱ ላይ አንድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው። ሌላ ማንም የለም። ወሩ አለቀ፣ ዓመቱ አለቀ፣ ገጹ አልተገለበጠም። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እኮ ጊዜው አልፏል፣ ይገልብጡት» ስላቸው «ተዪው፣ ሰውየው ገና አልደረሰም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ በርበሬ በረንዳ ጠብ ተነሳ ተባለና አግዳሚው ሁሉ ሊያይ ሮጠ። እኔ እግሬ ወለም ብሎኝ ቀረሁ እንጂ እቀር ነበር? ጋሼ ነስሩ ግራ ቀኝ አዩና በቆርቆሮው በኩል ጠሩኝ።

«ዘነቡ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ደሴቶች አሉ። ብስክሌት በጀልባ አሻግሬ ሦስት ቀን ልነዳ አስቤያለሁ። ብቻዬን።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«ከማን ጋር?»

እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ! በእኛ ተራ ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ ሸሽቷል፣ ወይ ሁለተኛ ሚስት አለው። ሻይ ለመጠጣት እንኳ አጃቢ እንፈልጋለን። «ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ። «ምን ቆርጦኝ!» አልኩ።

ለማንም አልነገርኩም። ለብርቄ ብቻ ነው የነገርኳት፤ ያውም «ላንቺ ብቻ ነው» ብዬ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ነስሩ ደሴቱ ላይ ሁለተኛ ሚስት ነበራቸው። አሥር ሰዓት ላይ መንታ ወለዱ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪም ተስፋ ቆርጦባቸዋል ተባለ። ሱቅ ስንዘጋ ደግሞ ደሴቱ ላይ ገዳም አለ፣ ሊመንኑ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ፤ ሙስሊም መሆናቸውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ታደለ አምስት ሽማግሌ አስከትሎ ቤታቸው ሄደ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ራውዳ ጋር ሊያስታርቃቸው። «አልተጣላንም» አሉ ባልና ሚስት። «እሱን ለእኛ ተዉት» አሉ ሽማግሌዎቹ። ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። በመጨረሻ ሁለቱም ባላደረጉት ነገር ይቅር ተባብለው ተመረቁ። እትዬ ራውዳ በኋላ «ልንጣላ የደረስነው ሲያስታርቁን ነው» ብለውኛል።

ከዚያ የዕድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ፤ ኮሚቴው ጋሼ ነስሩ ብቻቸውን እንዲሄዱ በሙሉ ድምፅ ፈቅዷል። አብረዋቸው የሚሄዱ አምስት ሰዎችም መርጧል። ያልተመረጡት «እኛ ጋሼን አንወድም ማለት ነው?» ብለው አኮረፉ። ማኩረፍ እንዳይኖር አምስቱ አሥራ ሁለት ሆኑ፣ አሥራ ሁለቱ ሃያ ስድስት። ሃያ ስድስት ሰው በሚኒባስ አይሄድምና ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተያዘ። መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል፤ ያኔ ግን ውለታ የምውል ነበር የመሰለኝ።

ብስክሌቱን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ከአንድ ሙክት ጋር አስረን ሄድን። ከበሮም ነበር። ጀልባዋ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ አሻገረችን። ደሴቷ እንደተባለችው ናት፤ ኮረብታ፣ ድንጋይ፣ ጎመን የተተከለበት ማሳ፣ በውሃው ዳርቻ የምትዞር የእግር መንገድ። ጋሼ ነስሩ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ብስክሌቱ ላይ ወጡ።

ሲነዱ ያየሁት ያኔ ነው። የስልሳ ዓመት ሰው ይወድቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። ኧረ የት! ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ፔዳሉን ሳይቸኩሉ እየረገጡ፣ ውሃውን በግራ አድርገው ሄዱ። ዞር ብለው አላዩንም። ሃያ ስድስታችንም ዝም አልን፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ተራ ታሪክ ውስጥ ሆኖ አያውቅም።

«ምን ትቆማላችሁ?» ብሎ ጮኸ ታደለ፣ «ተከተሏቸው እንጂ! ብቻቸውን ልትተዉአቸው ነው?»

ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሮጡ። አንዱ «ፍሬን ይያዙ!»፣ አንዱ «ቀኝዎን ይያዙ!»፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ ወደዚህ ይዩ!»። መታጠፊያው ላይ ደርሰው መሪውን ይዘው አቆሟቸው። ደክሟቸው ይሆናል ተብሎ ውሃ ተሰጣቸው። ከዚያ ታደለ ሁሉም ሰው ብስክሌቱን እንዲሞክር በስም ዝርዝር ተራ አስያዘ። ብርቄ ቄጠማው ውስጥ ገብታ በስንት መከራ ወጣች። የጋሼ ነስሩ ተራ እንደገና ሲደርስ ባለ ጀልባው እየጠራን ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ ከበሮው ሌላ ነው። ጋሼ ነስሩ መስኮት ጋ፣ እኔ አጠገባቸው።

«ለማን ነገርሽ?» አሉኝ።

«ለብርቄ። ለብርቄ ብቻ ጋሼ፣ እርስዎ ይሙቱ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለአንድ ሰው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ምነው በሰደቡኝ። እስከ ቃሊቲ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ኮታቸውን እቅፍ አድርጌ መጣሁ። አፍሬ አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን አፈርኩ።

ተራው ግን ለስንት ወር «እኛ ባንኖር ጋሼ ነስሩን ማን ያዝናናቸው ነበር?» እያለ ኖረ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ጋሼ ነስሩ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ይዘው መቆም ጀመሩ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ነው፣ አግዳሚው እስኪሞላ ሳይጠብቁ በጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

«ሐኪሙ ጉልበትህ ከዚህ ዓመት በኋላ ብስክሌት አይችልም ብሎኛል። ስለዚህ ነገ እሄዳለሁ። እዚያው ደሴት። እሑድ እመለሳለሁ። ስልኬን እዘጋለሁ። ራውዳ ታውቃለች፣ ሂድ ብላለች። አሁን ደግሞ አንቺ አወቅሽ።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ! ለእኔ ለምን ይነግሩኛል? አያውቁኝም እንዴ? ይሄን ነገር ይዤ እንዴት ብዬ ነው የምውለው?»

«ስለማውቅሽ ነው። ሳልነግርሽ ብሄድ ፈልገሽ ታገኚዋለሽ። ከነገርኩሽ ግን...»

«ዘነቡ! ሰማሽ?» አለች ብርቄ ከማዶ፣ «የጣቃ ነጋዴው ልጅ ሠርግ ተራዘመ!»

ዞር አልኩ። ምን ላድርግ፣ ሠርግ ነው! መልሼ ሳይ ጋሼ ነስሩ ሄደዋል። ከነገሩኝ ምን እንደሚሆን ሳልሰማ ቀረሁ።

ሐሙስ ሱቃቸው አልተከፈተም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ብርቄ መጣች።

«ጋሼ ነስሩ ምነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ብርቄ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆነን «አላውቅም» የሚል ቃል ከእኔ አፍ ሰምታ አታውቅም። «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። እውነትም አሞኝ ነበር። ምሳዬን አልበላሁም፤ አፌን ለጉርሻ ከከፈትኩት ሌላ ነገር ቀድሞ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ነጭ ክር ለጠየቀኝ ጥቁር ሰጠሁ። ቤቴ ገብቼ ትራሴን «ዝዋይ ናቸው፣ ደሴቱ ላይ ናቸው» ብዬ ነገርኩት፤ እሱም ትንሽ ነው ያሻለኝ።

ዓርብ ጠዋት ነገሩ ገነፈለ። የጋሼ ነስሩ ስልክ ዝግ ነው። ስልክ የዘጋ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ሞቷል። ሰዎች ተልከው እትዬ ራውዳን ጠየቁ። «ሰላም ናቸው፣ እሑድ ይመጣሉ» አሉ እትዬ ራውዳ፣ ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቋርጡ።

«ባሏ ጠፍቶ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት!» አለ ታደለ ለኮሚቴው። «ነገር አለ። ሴትየዋ የምትደብቀው ነገር አለ።»

«ዝዋይ!» አለ አንዱ ድንገት። «ያቺ ደሴት! ያኔም ብቻዬን ልሂድ ያሉት እዚያ ነበር!»

«ውሃ በልቷቸው ነዋ!» አለ ሌላው። «ጉማሬ!» አለች ብርቄ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ያው ቅጥቅጥ መሳለሚያ ላይ ቆመ። ሰላሳ ሰው ተሳፈረ። የዕድሩን ድንኳን ፖርቶ መጋላው ላይ ጫኑት፤ ታደለ «ለማንኛውም» አለ። ሞተሩ ተነስቷል። እኔ ከሱቄ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ። ከበሮውን ትተው ዋይታውን ይዘው ከጀልባ ይወርዳሉ፤ ጋሼ ነስሩም ከብስክሌታቸው ወርደው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ እንግዶቻቸውን «እሺ» እያሉ ያስተናግዳሉ። አንድ ቀን ተኩል ነው ያገኙት። የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የለም፤ ጉልበቱ አልቋል።

እውነቱን ብናገርስ? «ብቻቸውን መሆን ፈልገው ነው፣ ተዉአቸው» ብልስ? በመርካቶ ይሄን ብሎ አውቶቡስ ያቆመ ሰው እስካሁን አልተወለደም። እኔ በሕይወቴ የማውቀው አንድ ሥራ ነው። አውቶቡሱ ጋ ሄድኩና ብርቄን በመስኮቱ ጠራኋት። ወረደች። ወደ ግድግዳው አስጠጋኋትና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ብርቄ፣ ላንቺ ብቻ ነው። ማንም እንዳይሰማ፣ ልጆቼን ይንሳኝ በይ።»

«ልጆቼን ይንሳኝ!» አለች፣ ዓይኗ እያበራ።

«ጋሼ ነስሩ አገራቸው ወራቤ ነው የሄዱት። ታላቅ ወንድማቸው በጠና ታመው። እትዬ ራውዳ ሰው እንዳይንገላታ ብለው ነው የደበቁት።»

ከዚያ ግድግዳ እስከ ሱቄ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሱቄ ደርሼ ስዞር ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ወራቤ! ወራቤ!» ይላል። ሰው ብርቱካን ሊገዛ ወርዶ ይሮጣል፤ የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ታደለ በመስኮት «ዘነቡ፣ አትመጪም እንዴ?» አለኝ። «ሱቅ የሚጠብቅ ያስፈልጋል» አልኩ። አውቶቡሱ ታጥፎ ሄደ፤ እኔ ዚፕ የተከመረበት ላይ ቁጭ አልኩ።

ወራቤ የሆነውን ቆይቶ ነው የሰማሁት። የጋሼ ነስሩ ታላቅ ወንድም አጥር ሲያጥሩ ነበር የደረሱባቸው፤ ጤነኛ፣ ላባቸው በፊታቸው የሚወርድ። ሰላሳ ሰው ፊቱን አጥቁሮ፣ ብርቱካን አቅፎ ተራ በተራ ግንባራቸውን ዳሰሰ። «ምንም አልሆንኩም» ቢሉ እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩና «አልነገሯቸውም ማለት ነው» ተባባሉ። ይሄን ወንድምየው ሰሙ። ፖርቶ መጋላው ላይ የተጫነውንም ድንኳን አዩ። ከዚያ በኋላ «ለካ እንዲህ ነኝ!» ብለው መጥረቢያውን ጥለው ገብተው ተኙ። ባለቤታቸው ጮኹ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ወይፈን ታረደ። ወንድምየው እስከ ቅዳሜ ማታ ተኝተው፣ እሑድ ጠዋት ራባቸውና ተነሱ። «ነስሩ የት አለ?» ብለው ሲጠይቁ ነው ሁሉም ወደ ብርቄ የዞረው፤ ብርቄም «ዘነቡ ናት» ያለችው።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ተራችን ላይ ነበርን። ጋሼ ነስሩ ሱቃቸውን ከፍተው አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ ቁጭ ብለዋል። «ጋሼ፣ የት ጠፉ?» አሏቸው። «ሄጄ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው...» ሲሉ፣ «ዋናው በሰላም መምጣትዎ ነው!» ብለው አቋረጧቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

ኮሚቴው እኔን ጠራኝ። ታደለ ቃለ ጉባኤውን ቆሞ አነበበ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዘነቡ የሚመጣ ማንኛውም ወሬ በተራው ተቀባይነት የለውም።» ማህተም ተደረገበት። የዕድሩ ማህተም፣ ክቡ፣ ሰማያዊው። ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን አለቀስኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሁሉ ጠዋት መጥቶ «ዘነቡ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚለኝ እኔን ነበር። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ያለኝ እሱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ብርቄ ሱቅ ይሄዳሉ። እኔ ዝናብ መጣ ብል እንኳ እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚያምኑኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አግዳሚው ሁሉ የወራቤን ነገር ሊሰማ ብርቄ ጋ ተሰበሰበ። ጋሼ ነስሩ በቆርቆሮው ዞረው ሱቄ ገቡና ዱካዬ ላይ ተቀመጡ። ሱቄ ገብተው ተቀምጠው አያውቁም። እኔ ዓይኔ ቀልቷል፣ አኩርፌያቸውም ነበር፤ የዚህ ሁሉ ምክንያት እሳቸው ናቸው ብዬ።

«አሁን ለሰው ብትነግሪ የሚያምንሽ የለም አይደል?» አሉኝ።

«የለም። ማህተም አለበት» አልኩ እየተነፋረቅኩ።

ሳቁ። ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። እኔም ሳላስበው ሳቄ መጣ።

«እሺ፣ እዚያ ምን አደረጉ?» አልኳቸው። «ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዎን፣ ዝም ብለው?»

«የምን ዝም!» አሉ። «አወራሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም። ብስክሌቱ ላይ ሆኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ደሴቷን እየዞርኩ አወራሁ። ሐሙስ ሙሉ፣ ዓርብ ሙሉ፣ ቅዳሜ ሙሉ። ሰላሳ ዓመት ጀምሬ ያልጨረስኩትን ነገር ሁሉ ጨረስኩት፣ ዘነቡ። ለአባቴ ልነግረው የነበረውን። ራውዳን ሳጫት ሽማግሌዎቹ ያቋረጡኝን። አንድ ደንበኛ የሰደበኝ ጊዜ ልመልስለት የነበረውን። ባለ ጀልባው እብድ መስዬው ነበር፣ በኋላ ለመደኝ። የሚያቋርጠኝ ሰው አልነበረም። ለካ ብዙ የማወራ ሰው ነኝ!»

አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ እሳቸውን እስከ መጨረሻ የሰማሁበትን ቀን ፈለግኩ፤ አጣሁት። በአንድ ቆርቆሮ ጎረቤት ሆነን፣ የመርካቶን ወሬ ሁሉ ሳጠራቅም፣ የእሳቸውን አንድም አልያዝኩም። ዝምተኛ ናቸው እያልኩ ሳወራ የኖርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ለእኔ ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው።»

«ረዥም ነው።»

«ይርዘም።»

ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደዚህ ከተማ የመጣሁ ቀን» ብለው ጀመሩ፣ «የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም። መናኸሪያው ላይ ቆሜ...»

አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ ጥቁር ዚፕ አለ?» አለችኝ። ጋሼ ነስሩ እንደ ልማዳቸው ቃሉን በአፋቸው ይዘው ሊነሱ ዱካውን ተደገፉ። ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

«ቆዪ እህቴ» አልኳት፣ «ሰው እያወራ ነው።»